ዘጠኝ አኃዝ ማሳየት ዘጠኝ አኃዝ ማወቅ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ፣ በጋራ የኔትወርክ ማከማቻ ላይ ያስቀመጧቸው ፋይሎች ማንም ሳይነካቸው «ተቀይረዋል» እየተባሉ በየሌሊቱ እንደ አዲስ ለሚገለበጡባቸው አንባቢዎች የሰጠውን ምክር ተመልክተናል። ምክሩ ባጭሩ «የኮምፒውተሮቹን ሰዓት በኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ በሚያገጥመው ፕሮቶኮል) አስተካክሉ» የሚል ነው። ሰዓት ማስተካከል አይጎዳም፤ የዚህ በሽታ መድኃኒት ግን እሱ አይደለም። ኤንቲፒ የሚመልሰው «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» የሚለውን ነው። እዚህ የተበላሸው ሌላ ነው፦ ያ ሰዓት ፋይሉ ላይ ሲጻፍ በምን ያህል ደቃቅ እርከን ይጻፋል? ሰዓታቸው ልክ ለልክ የገጠመ ሁለት ማሽኖች እንኳ፣ አንዱ በናኖሰከንድ (በሰከንድ ቢሊዮንኛ፣ ከነጥብ በኋላ ዘጠኝ አኃዝ) ሌላው በሁለት ሰከንድ እርከን የሚጽፍ ከሆነ፣ ስለ አንድ ፋይል ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራሉ። የኤንቲፒ አገልግሎት ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አያስታርቃቸውም።

የጊዜ ማህተም ከፕሮግራሙ ተነስቶ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ በአምስት እጅ ያልፋል፦ በፕሮግራሙ፣ በክላየንቱ (ማከማቻውን በሚጠቀመው ኮምፒውተር) ከርነል ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሁለቱ ማሽኖች በሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል፣ ማከማቻውን በሚያቀርበው በሰርቨሩ ከርነል፣ በመጨረሻም ከሥር ባለው የዲስክ ፋይል ሲስተም። እያንዳንዱ የራሱ እርከን አለው፤ በስተመጨረሻ የሚተርፈው ከሁሉም ሻካራው ነው። ከፕሮቶኮሎቹ አንዱ በሆነው በኤንኤፍኤስ፣ በ1989 የታተመው ስሪት 2 ጊዜን በሰከንድና በማይክሮሰከንድ ይልካል (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1995 የወጣው ስሪት 3 ወደ ናኖሰከንድ ወረደ፤ ሰከንዱን ግን ምልክት በሌለው 32 ቢት ስለሚቆጥር ከ1970 በፊት ያለውን ጊዜ መጻፍ አይችልም፣ በ2106ም ያበቃል። ስሪት 4 ለሰከንዱ ምልክት ያለው 64 ቢት ሰጠው። በዊንዶውስ የተለመደው ፕሮቶኮል ኤስኤምቢ ደግሞ ከጥር 1 ቀን 1601 ጀምሮ በ100 ናኖሰከንድ እየዘለለ ይቆጥራል፤ የዊንዶውስ የዲስክ ፋይል ሲስተም ኤንቲኤፍኤስም እንዲሁ። ዲስኩ ላይ ስንወርድ፣ ከሌሎቹ ፋይል ሲስተሞች ኤክስት3 እና ኤችኤፍኤስ ፕላስ አንድ ሰከንድ፣ ፋት ለመጨረሻ ለውጥ ሁለት ሰከንድ፣ ኤክስኤፍኤስ እና ኤፒኤፍኤስ ናኖሰከንድ ናቸው። ኤክስት4 ናኖሰከንድ የሚይዘው አይኖዱ (ጊዜውን ጨምሮ ስለ ፋይሉ ያለው መረጃ የሚቀመጥበት መዝገብ) 256 ባይት ሲሆን ነው። ከድሮ ኤክስት3 የተቀየረ ዲስክ አይኖዱ 128 ባይት እንደሆነ ስለሚቀር፣ ስሙ ኤክስት4 ቢሆንም የሚጽፈው በሰከንድ ብቻ ነው። ይህንን ብዙ አስተዳዳሪ ሳያየው ያልፋል፤ የዲስኩን ዝርዝር በሚያሳየው የቲዩን2ኤፍኤስ ትዕዛዝ የአይኖዱን መጠን ማየት ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ዋናው ቅሬታችን ክላየንቱ ላይ ነው። ፕሮግራም ለአንድ ፋይል «የተቀየርከው 04:05:07.123456789 ላይ ነው» ብሎ ጊዜ ሲሰጠው፣ ክላየንቱ ጥያቄውን ወደ ሰርቨር ይልካል፤ ያንኑ ዋጋ ደግሞ ራሱ በሜሞሪ በያዘው አይኖድ ላይ ይጽፋል። በኤስኤምቢ ሽቦው ላይ የሚሄደው .1234567 ብቻ ነው፤ ቀሪው ሁለት አኃዝ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ክላየንቱ በሜሞሪ የጻፈውንም በዚያው ልክ ካልቆረጠው፣ ወዲያው ለሚጠይቀው በ789 የሚያልቀውን ጊዜ ይመልሳል። ካሹ (በሜሞሪ የያዘው ጊዜያዊ ቅጂ) ጊዜው አልፎ ከሰርቨሩ እንደገና ሲጠይቅ ግን የሚያገኘው በ700 የሚያልቀውን ነው። ፋይሉን የነካው የለም፤ ጊዜው ግን 89 ናኖሰከንድ ወደ ኋላ ሄዷል።

89 ናኖሰከንድ ማንን ይጎዳል? የባካፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ፕሮግራሙን። ብዙዎቹ ፋይሉን ከገለበጡ በኋላ ያዩትን ጊዜ በራሳቸው መዝገብ ይይዙና በማግስቱ «እኩል ነው ወይስ አይደለም?» ብለው ብቻ ያነጻጽራሉ። የአንድ ናኖሰከንድ ልዩነትም «አይደለም» ነው። ከነጥብ በኋላ ያሉት ስምንተኛውና ዘጠነኛው አኃዝ ሁለቱም በአጋጣሚ ዜሮ የሚሆኑት ከመቶ አንዴ ነው። ስለዚህ ጊዜያቸው በናኖሰከንድ ከተሰጣቸው መቶ ፋይሎች 99ኙ ያለምክንያት ይገለበጣሉ ማለት ነው። አንባቢዎቻችሁ በየሌሊቱ የሚያዩት ይህን ይመስላል፤ ምልክቱም ቀላል ነው፦ ከመጀመሪያው ግልበጣ ማግስት ከሞላ ጎደል ሁሉም ፋይል ይገለበጣል፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሌሊቶች ይረጋጋል፣ አዲስ ፋይሎች በገቡ ማግስት እነሱ ብቻ ይደገማሉ፤ በየቀኑ አዲስ ፋይል ከገባ ድግግሞሹ በየሌሊቱ ይታያል። የሰዓት መዛባት እንዲህ ያለ ዱካ አይተውም።

ኤንኤፍኤስ ላይ ችግሩ የሚቀለው በአጋጣሚ አይደለም። በስሪት 3 ጊዜ ለመቀየር ለተላከው ጥያቄ የሚመጣው መልስ ከለውጡ በኋላ ያለውን የፋይሉን መረጃ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ክላየንቱም የራሱን ግምት ጥሎ የሰርቨሩን ዋጋ ይወስዳል። «ይችላል» ያልነው ያ መረጃ በፕሮቶኮሉ አማራጭ እንጂ ግዴታ ስላልሆነ ነው። የኤስኤምቢ መልስ ግን «ተፈጽሟል» ከማለት በቀር ምንም አይነግርም። በዚህ ላይ ሰርቨሩ ከሥር ኤክስት3 ቢኖረው፣ ፕሮቶኮሉ 100 ናኖሰከንድ ተሸክሞ ቢሄድም ዲስኩ የሚያስቀረው ሙሉውን ሰከንድ ብቻ ነው፤ ክላየንቱ ይህን አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ ክላየንት የሚጽፉ ሰዎች ሁለት ነገር ማድረግ አለባቸው። አንደኛው፣ የፕሮቶኮሉን እርከን ለከርነሉ ማሳወቅ ነው። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ የተጫነ ፋይል ሲስተም የጊዜ እርከን የሚያዝበት ቦታ አለው፤ ለኤስኤምቢ 100፣ ለኤንኤፍኤስ ስሪት 2 ደግሞ 1000 ናኖሰከንድ ተብሎ ከተሞላ፣ ከርነሉ ማህተሙን ገና ሜሞሪ ላይ ሳይጽፈው ይቆርጠዋል። ሁለተኛው፣ ጊዜ ከተቀየረ በኋላ መልሱ አዲሱን መረጃ ይዞ ካልመጣ በካሽ ያለውን «አርጅቷል» ብሎ ምልክት ማድረግና በሚቀጥለው ጥያቄ ከሰርቨሩ ማምጣት ነው። ዋጋው አንድ ተጨማሪ ምልልስ ነው። ፍጥነት ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎችን ጊዜ እየጠበቀ ለሚገለብጥ ሰው እውነትም ይሰማዋል። ያለምክንያት በድጋሚ ከሚገለበጥ ጊጋባይት ጋር ሲነጻጸር ግን ኢምንት ነው።

አቆራረጡም ቢሆን ሥርዓት አለው። ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። ወደ ቅርቡ ማጠጋጋት አንዳንዱን ፋይል ወደፊት ጊዜ ውስጥ ይከተዋል፤ ያኔ ሜክ (ከምንጭ ፋይሎች ፕሮግራም የሚገነባው መሣሪያ) «የፋይሉ ጊዜ ገና አልደረሰም» እያለ ያጉረመርማል። ከ1970 በፊት ላሉ ጊዜያት «ወደ ታች» ማለት ወደ ዜሮ ማለት እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ከ1601 ወደ 1970 ለመሻገር 11,644,473,600 ሰከንድ ይቀነሳል፤ ውጤቱ ከዜሮ በታች ሲሆን በተለመደው የሲ ቋንቋ ክፍፍል ቀሪው አሉታዊ ናኖሰከንድ ሆኖ ይወጣል። ናኖሰከንድ ግን ምንጊዜም ከ0 እስከ 999,999,999 ነው፤ አሉታዊ ከሆነ ከሰከንዱ አንድ ተበድሮ መስተካከል አለበት። የተቃኙ የድሮ ሰነዶች ላይ የ1950ዎቹን ቀን የሚሰጡ ቤተ መዛግብት ይህን ስህተት ከማንም ቀድመው ያዩታል።

ፕሮግራሞችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን የፋይሉን ጊዜ በተንሳፋፊ (ነጥብ ባለው) ቁጥር ሲሰጥ 53 ቢት ብቻ ስላለው፣ በዛሬው ጊዜ አካባቢ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች በ238 ናኖሰከንድ ገደማ ይራራቃሉ። በዚያ ቁጥር አንብቦ መልሶ የጻፈ ሰው ፋይሉን ሳያውቀው አንቀሳቅሶታል። ከስሪት 3.3 ጀምሮ በሙሉ ቁጥር ናኖሰከንድ የሚሰጥም የሚቀበልም መንገድ ስላለ እሱን መጠቀም ነው። ፋይሎችን በአንድ በሚጠቀልለው በታር ደግሞ የድሮው የዩስታር ቅርጽ ሰከንድ ብቻ ይይዛል፤ ክፍልፋዩ እንዲተርፍ የፓክስ ቅርጽ ያስፈልጋል።

አሁን አንባቢዎቻችሁ በራሳቸው ማከማቻ ላይ የሚያደርጉት ሙከራ። ከክላየንቱ ሆናችሁ በጋራ ማከማቻው ላይ አንድ ባዶ ፋይል ፍጠሩ። በተች ትዕዛዝ የለውጥ ጊዜውን 2001-02-03 04:05:07.123456789 አድርጉት። ሰከንዱ ጎዶሎ፣ ዘጠኙም አኃዞች ከዜሮ የተለዩ መሆናቸው ሆን ተብሎ ነው። ወዲያው በስታት ትዕዛዝ አንብቡና ጻፉት። ቀጥሎ ማከማቻውን ነቅላችሁ እንደገና ጫኑት፤ ካልቻላችሁ ከሌላ ክላየንት ሆናችሁ አንብቡ። ሁለተኛው ንባብ ላይ ዘጠኙም አኃዝ ካለ መንገዱ በሙሉ ናኖሰከንድ ነው። በ700 ካለቀ በመካከል ኤስኤምቢ ወይም ኤንቲኤፍኤስ አለ። በ456000 ካለቀ ማይክሮሰከንድ ነው፤ ወይ ኤንኤፍኤስ ስሪት 2 ነው ወይ አሮጌ የሲስተም ጥሪ የሚጠቀም ፕሮግራም። ክፍልፋዩ በሙሉ ዜሮ ከሆነ ዲስኩ በሰከንድ የሚጽፍ ነው። 07 ሰከንድ 06 ወይም 08 ከሆነ ከሥር ፋት አለ፤ አንዳንዱ ሲስተም ወደ ታች አንዳንዱ ወደ ላይ ስለሚያደርገው ሁለቱም ይታያሉ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ንባብ ከተለያዩ ደግሞ ያው ከላይ የከሰስነው ክላየንት እጃችሁ ላይ ነው።

ይህ ሙከራ የሚለካው ማህተሙ በምን ያህል እርከን እንደሚቀመጥ ነው እንጂ፣ ሰርቨሩ ራሱ ጊዜ ሲሰጥ በምን እርከን እንደሚሰጥ አይደለም። ልዩነቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሊኑክስ ለፋይል ማህተም ለረጅም ዘመን የተጠቀመው በየምቱ (ከርነሉ በእኩል ጊዜ ልዩነት በሚመታው ምልክት) ብቻ የሚታደሰውን፣ ለማንበብ ፈጣን የሆነውን ሰዓት ነው። ከርነሉ በሰከንድ 250 ምት ቢመታ ሰዓቱ የሚዘለው በ4 ሚሊሰከንድ ነው፤ በ1000 ምት 1 ሚሊሰከንድ፣ በ100 ምት 10 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በአንድ ምት ውስጥ የተደረጉ ለውጦች በሙሉ አንድ ዓይነት ማህተም ያገኛሉ። የሚያስቀው፣ ማህተሙ ሲታይ ዘጠኙም አኃዝ ሞልቶ የተከበረ ይመስላል። ደርዝ ያለው ቁጥር አይቶ «ናኖሰከንድ ነው» ያለ ሰው በአራት ሚሊዮን እጥፍ ተሳስቷል። ለማረጋገጥ ሰርቨሩ ላይ ራሱ አንድ ሺህ ፋይሎችን በተከታታይ ፍጠሩና ስንት የተለያየ ጊዜ እንዳላቸው ቁጠሩ። ከክላየንት ሆኖ መሞከር አያስተማምንም፤ የእያንዳንዱ ምልልስ መዘግየት ፋይሎቹን በራሱ ስለሚያራርቃቸው እርከኑ ይደበቃል። የኤንኤፍኤስ ሰርቨር እርከኑን ራሱ የሚናገርበት መስክም አለ፤ የተናገረውን ግን ከዚህ ቆጠራ በላይ አትመኑት።

የዚህ ጦስ ከባካፑ ይበልጣል፤ ባካፕ ትርፍ ይገለብጣል፣ ይህኛው ግን አሮጌ ይዘት እንደ አዲስ ያስነብባል። የኤንኤፍኤስ ስሪት 3 ክላየንት ፋይል ሲከፈት ሰርቨሩን ይጠይቅና የለውጥ ጊዜውን፣ የሁኔታ ለውጥ ጊዜውን (ስለ ፋይሉ ያለው መረጃ የተቀየረበትን) እና መጠኑን በካሽ ከያዘው ጋር ያነጻጽራል። ሦስቱም ካልተለወጡ የያዘውን ይዘት ይሰጣል። አንድ ጸሐፊ በአንድ እርከን ውስጥ ሁለት ጊዜ ጻፈ እንበል፤ መጠኑም አልተለወጠም፣ ለምሳሌ ባለ ስምንት አኃዝ ቆጣሪ። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ያነበበ ክላየንት የመጀመሪያውን ይዘት ከማህተሙ ጋር ያዘ። ሁለተኛው ጽሑፍ ማህተሙን አልቀየረም። ከዚያ በኋላ ክላየንቱ ቢጠይቅ ቢጠይቅ መልሱ ያው ነው፤ ሌላ ጽሑፍ እስኪመጣ ወይም ካሹ በሜሞሪ ጥበት እስኪጣል ድረስ አሮጌውን ያነባል። በ4 ሚሊሰከንድ ምት ይህ ብርቅ ነው። ከሥር ባለ 128 ባይት አይኖድ ዲስክ ካለ ግን እርከኑ አንድ ሙሉ ሰከንድ ነው፤ ያኔ ብርቅ መሆኑ ያከትማል።

እዚህ ላይ የተለመደው ምክር የመረጃ ካሹን ዕድሜ ማሳጠር ነው። በሊኑክስ ለተራ ፋይል ከ3 እስከ 60፣ ለማውጫ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ የሆነውን ወደ ዜሮ ማውረድ ወይም ጨርሶ ማጥፋት ማለት ነው። ይህ ክላየንቱን ቶሎ ቶሎ ያስጠይቀዋል፤ የሚያገኘው መልስ ግን ያንኑ ማህተም ነው። ሰርቨሩን ከማድከም ያለፈ ጥቅም የለውም።

የሚሠራው እነሆ። የኤንኤፍኤስ ስሪት 4 ለእያንዳንዱ ፋይል ከጊዜ የተለየ 64 ቢት የለውጥ ቁጥር አለው፤ ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ለውጥ የሚጨምረው ቆጣሪ ከሆነ እርከን የሚባል ጣጣ ይቀራል። ይሁንና አንዳንድ ሰርቨር ቁጥሩን የሚሠራው ከሁኔታ ለውጥ ጊዜው ነው፤ ያ ማለት የድሮው በሽታ አዲስ ልብስ ለበሰ። በ2016 የታተመው ስሪት 4.2 ሰርቨሩ ቁጥሩን ከምን እንደሚሠራ እንዲናገር መስክ ስለጨመረ፣ ማከማቻ ስትገዙ ወይም ስትመርጡ ስለዚያ መስክ ጠይቁ። ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነ በ2025 መጀመሪያ የወጣው ከርነል 6.13 ነገሩን ከሥሩ ይዞታል፦ ከመጨረሻው ለውጥ ወዲህ ማህተሙን ያየ ካለ ቀጣዩ ለውጥ ከደቃቁ ሰዓት ይታተማል፤ ያየ ከሌለ ፈጣኑ ሰዓት ይበቃል። ኤክስት4፣ ኤክስኤፍኤስ እና ቢትሪኤፍኤስ ይጠቀሙበታል። በዚህ መንገድ ከንባብ በኋላ የመጣ ለውጥ ከንባቡ ጋር አንድ ማህተም አይጋራም፤ ዲስኩ ናኖሰከንድ መያዝ እስከቻለ ድረስ ማለት ነው።

ከርነል መቀየር የማይችል ፕሮግራም ጸሐፊ ደግሞ ፋይሉን በቦታው ከመከለስ ይልቅ በጊዜያዊ ስም ጽፎ፣ ወደ ዲስክ መውረዱን አረጋግጦ፣ ከዚያ ስሙን ቢቀይረው ይሻላል። የፋይሉ መለያ ራሱ ስለሚለወጥ ክላየንቱ አሮጌውን ይዘት ከአዲሱ ጋር አያምታታም። የፋይል ቁልፍ (ሌላው እስኪጨርስ የሚያስጠብቅ መቆለፊያ) መያዝም ክላየንቱ በካሽ ያለውን እንዲጠራጠር ያስገድደዋል፤ አንባቢውም ጸሐፊውም ቁልፉን ከያዙ ማለት ነው። የኮድ ለውጥ መከታተያው ጊት የተጠቀመበት ዘዴም ይጠቅማል፦ የፋይሉ ማህተም ከመዝገቡ ማህተም ጋር እኩል ወይም ከዚያ የዘገየ ከሆነ ማህተሙን አያምንም፣ ይዘቱን ያነጻጽራል።

በሜክ ለሚሠሩ አንድ ማስታወሻ። ምንጩ በናኖሰከንድ ዲስክ ላይ፣ ውጤቱ በሰከንድ በሚጽፍ የኔትወርክ ማከማቻ ላይ ከሆነ፣ በ.8 ሰከንድ የተጻፈ ምንጭ በ.9 ሰከንድ ከተሠራ ውጤት «አዲስ» ሆኖ ይታያል፤ ውጤቱ ወደ .0 ስለተቆረጠ። በሚቀጥለው ግንባታም ያለምክንያት ይደገማል። የግኑ ሜክ ለዚህ ሲባል «ሎው ሪዞሉሽን ታይም» የሚባል ልዩ ዒላማ አለው። ሁለቱንም በአንድ ማከማቻ ማድረግ ድግግሞሹን ያስቀራል፣ በምትኩ ግን ውጤቱ በተሠራበት ሰከንድ ውስጥ የተስተካከለ ምንጭ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ከሁለቱ ክፋቶች የመጀመሪያውን እንመርጣለን፤ ትርፍ ሥራ እንጂ ስህተት አያመጣም።

ኤንቲፒም ቦታው የት እንደሆነ እንግለጽ። ክላየንቱ «ጊዜውን አሁን አድርገው» ሲል ሰርቨሩ በራሱ ሰዓት ያትማል፤ ፕሮግራሙ ሰዓቱን ራሱ አንብቦ ቁጥሩን ሲልክ ግን የሚታተመው የክላየንቱ ሰዓት ነው። በአንድ ማውጫ ውስጥ ሁለቱ ሲደባለቁ የሰዓት መግጠም ወሳኝ ይሆናል።

ለባካፑ ጠያቂዎቻችሁ፦ የግልበጣ ፕሮግራሙ አርሲንክ በራሱ ልማድ የሚያነጻጽረው ሙሉ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ በ700 እና በ789 አይደናገርም። ፋት ወዳለው ዲስክ ስትገለብጡ የማነጻጸሪያ መስኮቱን (እንደ እኩል የሚታለፈውን የጊዜ ልዩነት) 1 ሰከንድ አድርጉት። መስኮቱን አሉታዊ ቁጥር ካደረጋችሁት ናኖሰከንዱንም ያነጻጽራል፤ ያንን ከላይ ያለውን ሙከራ ከማድረጋችሁ በፊት አትንኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የፋይል ሰርቨር የሚያስተዳድሩ አንባቢዎቻችሁ